ስለ ተራራ ብስክሌት፤ ስለ ነጂውም ጠባይና ልብስ

እሑድ ጧት ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ በእግሩ የሚወጣ ሰው፣ ዳገቱን ከሚጋፉት ብስክሌተኞች መካከል ሁለት ዓይነት ሰዎችን ሳያይ አይመለስም። አንደኛው ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ድረስ ለነገሩ ተብሎ የተሰፋ ልብስ የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ብስክሌቱም ከሩቅ የምታብለጨልጭ ነው። ሁለተኛው ግን የአዘቦት ሱሪውን ጫፍ በካልሲው ውስጥ ከቶ፣ የተማሪ ሹራቡን እንደ ደረበ፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች በማትታወቅ ብስክሌት ላይ ሆኖ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ የሚወጣው ነው።

እኛም በዚያው መንገድ በእግራችን ስንወጣ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ጧት አየናቸው። የመጀመሪያው ቁልቁል ሲመለስ፣ ከአንድ ጠመዝማዛ ዘንድ ጭራሮ ተሸክመው ይወርዱ በነበሩ እናት አጠገብ እንደ ጥይት አለፈ። ደወል የለ፤ ድምፅ የለ። እናቲቱ ሸክማቸው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎባቸው ከመንገዱ ጥግ ቆሙና «ምነው ልጄ፤ እኛስ ነፍስ የለንም?» አሉ። እርሱ ግን ርቆ ነበርና አልሰማቸውም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ልጅ ተከትሎ ወረደ። የኋላ ፍሬኑ ሽቦ ተበጥሶበት ኖሮ ብስክሌቷን የሚይዛት የጫማውን ሶል ከኋላ ጎማው ጋር እያፋተገ ነው። ሆኖም ገና ከሩቅ «እማማ፤ መጣሁ፤ ባሉበት ይቁሙልኝ!» ብሎ ተጣርቶ፣ እንደ ምንም ተንገዳግዶ አለፋቸው። አንደኛው ልብሱ ነበረው፤ ጠባዩ ጎደለው። ሁለተኛው ጠባዩ ነበረው፤ ፍሬኑ ጎደለው። የዛሬው ነገራችን ከዚህ ይነሣል።

በመሠረቱ የተራራ ብስክሌት የሚባለው ነገር በሀብታም ቤት የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው በማሪን አውራጃ የሚኖሩ ወጣቶች ታማልፓይስ በሚባለው ተራራና በአካባቢው ኮረብቶች ላይ መንዳት ባማራቸው ጊዜ፣ የተጠቀሙት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በተሠሩ ወፍራም ጎማ ባላቸው አሮጌ ብስክሌቶች ነበር። እነዚህንም ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በጥቂት ዶላር እየገዙ፣ ከአንዱ የነቀሉትን በሌላው ላይ እየገጠሙ ያድሷቸው ነበር። አንዷ ብስክሌት 20 ኪሎ ያህል ትመዝን ስለ ነበረ ሽቅብ የሚወስዷት እየገፉ ወይም በጭነት መኪና ነበር፤ ደስታው ቁልቁሉ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1976 እነዚሁ ወጣቶች ፌርፋክስ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ባለ የእሳት አደጋ መከላከያ ጥርጊያ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን እሽቅድምድም አደረጉ። መንገዱ ከ3 ኪሎሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን በዚያች አጭር ርቀት 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የዚያን ጊዜዎቹ ብስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ እታች ሲደርሱ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለው ግራሶ ከሙቀት የተነሣ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ፈትቶ አዲስ ግራሶ መጠቅጠቅ ግድ ነበርና መንገዱ «ሪፓክ» ተባለ፤ ትርጓሜውም እንደ ገና መጠቅጠቅ ማለት ነው። ልብሳቸውስ? የሠራተኛ ጂንስ ሱሪ፣ ወፍራም ሸሚዝ፣ የሥራ ጓንትና ከባድ ቡትስ ጫማ። የራስ ቁር ያደረገ እምብዛም አልነበረም፤ ይህንንስ ልንመሰግንላቸው አንችልም።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ጆ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ከመነሻው ለተራራ ታስባ የተሠራች አዲስ ብስክሌት በእጁ ሠራ። ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ በ1979 ይህንኑ የሚሸጥ ድርጅት አቋቋሙ። በ1981 «ስተምፕጃምፐር» የተባለችው በፋብሪካ ብዛት ተሠርታ ለገበያ ወጣች። በ1996 ደግሞ ጨዋታው በአትላንታ ኦሊምፒክ ገብቶ ኔዘርላንዳዊው ባርት ብሬንቲየንስና ጣሊያናዊቷ ፓኦላ ፔዞ ወርቁን ወሰዱ። እንግዲህ ከአሮጌ ዕቃ ክምር እስከ ኦሊምፒክ ሃያ ዓመት ብቻ ነው የፈጀው። በዚህ ሁሉ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ችሎታ ነው፤ ሁለተኛ መሣሪያው፤ ልብሱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ዛሬ በእኛ ዘንድ የሚታየው ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር የላከችው ብስክሌተኞችን ነበር። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ሲመላለስ ማየት የዕለት ነገር ነው። በአዲስ አበባም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለው፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ሥራም በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቷል። መንገዱ ከመጣ ዘንድ የነጂው ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

ስለ ችሎታ ስንነጋገር ከፍሬን እንጀምር። በሠፈር ልጆች ዘንድ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍ አንድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም «የፊቱን ፍሬን አትንካ፤ ይገለብጥሃል» የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነትም በቁልቁለት ላይ ሰው ይሰብራል። ፍሬን በተያዘ ጊዜ የነጂውና የብስክሌቱ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊቱ ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል፤ የኋላው ይቀልላል። ስለዚህ አብዛኛው የማቆም ኀይል የሚገኘው ከፊቱ ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የሚጨብጥ ሰው ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተትበታል እንጂ ቶሎ አይቆምም። የሚገለብጠው ፍሬኑ ሳይሆን በድንጋጤ በአንድ ጊዜ መጨበጡ፣ ሰውነትንም ወደ ፊት ደፍቶ መቀመጡ ነው።

የበቅሎ መንገድ የሚያውቁ አባቶቻችን ይህን ነገር ያለ አስተማሪ ያውቁታል። ቁልቁለት ሲጀመር ጋላቢው እግሩን በእርካቡ አጽንቶ ወደ ኋላ ያጋድላል እንጂ ወደ በቅሎዋ አንገት አይደፋም። በብስክሌትም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ፔዳል በእኩል ከፍታ አድርጎ በላያቸው መቆም፣ መቀመጫን ከኮርቻው አንሥቶ ወደ ኋላ ሸሸት ማለት፣ ተረከዝን ዝቅ፣ ክርንና ጉልበትን አጠፍ አድርጎ መሄድ ያሻል። ጉልበትና ክርን የታጠፉ እንደ ሆነ ብስክሌቷ ከታች ትንፈራገጣለች፤ ሰውየው ከላይ ይረጋል። ኮርቻው ላይ ተጎልቶ ቋጥኝና ጉድባ የሚወርድ ሰው ግን እንደ ተጫነ ጆንያ ነው፤ ብስክሌቷ በዘለለች ቁጥር አብሮ ይዘላል። ኮርቻውን ከቁልቁለቱ በፊት ጥቂት ዝቅ ማድረግ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው በእንጦጦ መንገድ ላይ ያየነው በጣት የሚቈጠር ነው።

ሌላው ዐይን ነው። ጀማሪ ከፊት ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ያያል፤ ያየውንም ድንጋይ ይመታል። ጎማ ዐይንን ይከተላልና መታየት ያለበት ሊሄዱበት የሚፈልጉት ባዶ ቦታ ነው፤ እርሱም ከብዙ ሜትር በፊት። መዞሪያ ላይ ደግሞ ፍሬን የሚያዘው ከመዞሪያው በፊት ነው። መሐል ላይ፣ ያውም በኮረት ላይ የፊቱን ፍሬን የጨበጠ ሰው ጎማው ወደ ውጭ ይሸሽበትና በትከሻው ይወድቃል። ማርሽም ዳገቱ ሳይጀመር ይቀየራል፤ በዳገቱ መካከል በሙሉ ጉልበት እየረገጡ መቀየር ሰንሰለቱን ማስቈረጥ ነው።

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው መሆኑንም አንርሳ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ብርቱ ነጂ እንኳ በመጀመሪያው ቀን እንደ ሽማግሌ ያለከልካል። የእኛ ልጆች እዚሁ ተወልደው ስላደጉ ዳገቱ አይበግራቸውም፤ የሚጎዳቸው መውረጃው ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎማውን ከጎንና ከጎን በሚይዘው ፍሬን የሚነዳ ሰው ቸርኬው ስለሚርስ ብስክሌቱ በበጋ ከሚቆምበት ርቀት እጅግ አልፎ እንደሚቆም ይወቅ። በዝናብ ማግስት በጭቃው ላይ መንዳትም ሌላ ጉዳት አለው፤ ጎማው የሚቀደው ቦይ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃ ይሄድበትና መንገዱ ፈፋ ይሆናል።

ስለ ጠባይ የምንለው ደግሞ ከዚያው ከማሪን አውራጃ ታሪክ ይያያዛል። ብስክሌተኛው በበዛ ጊዜ በታማልፓይስ ተራራ ላይ በእግራቸው የሚሄዱና ፈረስ የሚጋልቡ ሰዎች አቤቱታ አሰሙ። በ1980ዎቹ ዓመታት ቀጫጭኑ የእግር መንገዶች ለብስክሌት ተዘጉ። በተፈቀዱት ሰፋፊ መንገዶችም ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ24 ኪሎሜትር እንዳይበልጥ፣ በማይታይ መዞሪያና ሰው በሚታለፍበት ቦታም ከ8 ኪሎሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ጠባቂዎችም የፍጥነት መለኪያ ራዳር ይዘው ቆሙ። የተራራ ብስክሌትን የፈጠሩት ሰዎች በተፈጠረበት ተራራ ላይ ከመንገዱ ተባረሩ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ነው በካሊፎርኒያ የነበሩ ማኅበራት ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1988 ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ያቋቋሙት። የደነገጉት የመንገድ ሕግ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ በተፈቀደ መንገድ ንዳ፤ ዱካህን አታስቀር፤ ብስክሌትህን ግዛ፤ ለሌላው ቅድሚያ ስጥ፤ እንስሳ አታስደንብር፤ ሳትዘጋጅ አትውጣ።

ለእንጦጦ ይህ ሕግ ከካሊፎርኒያ ይልቅ የሚስማማ ይመስለናል። በዚያ ተራራ ላይ የሚሄደው ሰው ሁሉ ለሽርሽር የወጣ አይደለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ አሉ፤ ሸክም ያለባቸው እናቶች አሉ፤ ከሱሉልታ በኩል አህያቸውን ጭነው የሚመጡ አሉ፤ ዳገቱን ለልምምድ የሚሮጡ አሉ። ቁልቁል የሚወርድ ብስክሌተኛ ሽቅብ ለሚመጣው ሁሉ መቆም አለበት፤ ለእግረኛና ለእንስሳማ ሁልጊዜ። አህያ ከኋላዋ ድምፅ የሌለው ነገር ሲመጣባት ትደነብራለች፤ ጭነቷንም ትጥላለች። ከሩቅ ቀስ ብሎ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ለባለቤቱ ሰላምታ፣ ለአህያይቱም የሰው ድምፅ መሆኑን ማሳወቂያ ነው። ደወል ከዚህ አይበልጥም። ሸክም የተሸከመችን እናት ያላስቆመ፣ አህያ ያላስደነበረ ነጂ አንድም ቀን ሊዘጋበት የሚገባ መንገድ የለም፤ ሌላው ግን አንድ ሰው በሰበረ ማግስት ለሁሉም ያዘጋል።

በነጂዎቹ መካከልም መናናቅ አለ። ሙሉ ልብስ የለበሰው ባለ ሹራቡን «ይሄ ደግሞ በዚህች ቆርቆሮ የት ሊደርስ ነው» ይላል። ባለ ሹራቡም በበኩሉ የራስ ቁር ያደረገውን ጓደኛውን «ጭንቅላትህ እንቁላል ነው ወይ?» እያለ ያሾፍበታል። እንቁላል ነው! የመጀመሪያው ፌዝ ድሀውን ከመንገዱ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ፌዝ ሰው ይገድላል። እኛ ከሁለቱ የሚብሰው ሁለተኛው ይመስለናል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን የሚሰማ ልጅ ተናዶ ይበረታል፤ ሁለተኛውን የሚሰማ ልጅ ግን ቁሩን አውልቆ ከመሪው ላይ ያንጠለጥለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ምርመራ በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ 40 ጥናቶችንና ከ64,000 የሚበልጡ የተጎዱ ብስክሌተኞችን ጉዳይ አሰባስቦ ነበር። በዚህም መሠረት የራስ ቁር ከባድ የራስ ጉዳት የመድረስ ዕድልን በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ቁሩ ወደ ማጅራት ተገፍቶ ግንባር ከተራቈተ፣ ማሰሪያውም ከአገጭ ሥር ከተንጠለጠለ እንደሌለ ይቈጠራል። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ትቶ፣ ከአገጭ ሥርም ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። አንድ ጊዜ ከባድ ምት የደረሰበት ቁር ደግሞ ከውጭ ደኅና መስሎ ቢታይም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቋልና ሌላ መግዛት እንጂ ማዳን የለበትም፤ ከሰልባጅ ገበያ ሲገዛም ይህን ማሰብ ነው።

ከቁሩ በኋላ የሚመጣው ልብስ ሁሉ እንደ አቅም ነው። ጓንት ጥሩ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚዘረጋው መዳፉን ነውና፤ ለዚህም የሥራ ጓንት ይበቃል። ጫማው ሶሉ ጠንከር ያለ፣ ክሩም ወደ ውስጥ የተከተተ ይሁን። ውስጡ ንጣፍ ያለው ቁምጣ ረጅም ሰዓት ለሚነዳ ሰው እውነተኛ ጥቅም አለው፤ መቀመጫን ከመላላጥ ያድናል። ያንን ከሰውነት የሚጣበቅ ቁምጣ ለብሶ በሠፈር ማለፍ የሚያሳፍረው ሰው ተራ ቁምጣ ወይም ሰፋ ያለ ሱሪ ከላይ ቢደርብበት ማንም አይከለክለውም፤ የተራራ ነጂዎች በሌላው አገርም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጧት ብርድ፣ ቀትር ላይ ሐሩር በሆነበት በእኛ አገር ደግሞ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ሁለት ስስ ሹራብ ደርቦ አንዱን እያወለቁ መሄድ ይሻላል።

ሱሪን በተመለከተ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከራሱ የደረሰ ነገር አለው። ገና በሥራ ላይ በተቀጠረበት ዓመት፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሮ በብስክሌት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ፣ የቀኝ እግሩ ሱሪ ጫፍ በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ገባ። ነገሩ የሆነው ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነበርና ወድቆ ሲነሣ በሩ ላይ ያልሣቀ ሰው አልነበረም። ሱሪው እስከ ጉልበት ተቀድዶ ስለ ነበረ ያን ዕለት እስከ ምሳ ሰዓት ከጠረጴዛው አልተነሣም። በማግስቱም ብስክሌቱን ቤት ትቶ በአውቶቡስ ሄደ፤ ብዙ ወራትም እንዲሁ ሆነ። አንድ የልብስ መቆንጠጫ ያን ሁሉ ያድነው ነበር። ባለ ሹራቡ ልጅ ሱሪውን በካልሲው ውስጥ መክተቱ የዘመናይ ነገር ባይመስልም ትክክለኛው ነገር እርሱ ነው።

የወደቀው አዘጋጅ ብስክሌቱን የተወው ግን ስለ ተጎዳ አልነበረም፤ ስለ ተሣቀበት ነው። ዛሬም ብዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ እሑድ እንጦጦ ላይ በኩራት የነዳውን ብስክሌት ሰኞ ወደ ቢሮው ሊያመጣው ያፍራል። መኪና ያልገዛ ሰው መባልን ይፈራልና። ልጃገረዶቻችንማ ከዚህ የባሰ አለባቸው፤ ከመንገድ ዳር የሚወረወርባቸው ቃል ከዳገቱ የበለጠ ያደክማቸዋል። ለሚሳለቀው ሰው የምንመልሰው ብዙ ነገር የለንም፤ ይሁንና የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ ቀድሞ ገብቶ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ፣ በቴሌቪዥን ፊት ተነሥተው ካጨበጨቡት መካከል ይኸው ሰው ሳይኖርበት አይቀርም።

የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችም ድርሻ አላቸው። በብዙ ቅጥር ግቢ ለመኪና በነጭ ቀለም የተሠመረ ቦታ ሲኖር ብስክሌት የሚታሰርበት አንድ ብረት እንኳ የለም። ዘበኛውም «ጌታዬ፤ ብስክሌት አይገባም ተብለናል» ይላል፤ ማን እንዳለው ግን አያውቅም። መሬት ላይ የተተከለ የብረት ቱቦና ሠራተኛው ፊቱንና ብብቱን የሚታጠብበት አንድ ቧንቧ ለማቆም ኮሚቴ ማቋቋም የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ያን ባለ ሹራብ ልጅ ስንመለስ ከሽሮ ሜዳ ታች አገኘነው። ከጎሚስታው ደጃፍ ብስክሌቷን ገልብጦ አቁሟት፣ የተበጠሰውን የፍሬን ሽቦ ያስቀይር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መሆኑንና ብስክሌቷንም ከአጎቱ ልጅ እንደ ወረሳት ነገረን። የራስ ቁር እንደሌለው ስንጠይቀው «ጋሼ፤ መጀመሪያ ፍሬኑን ልጨርስ» አለን። ጎሚስታው የፊቱንም ፍሬን አብሮ እንዲያጠብቅለት ለምነን፣ ልጁም ከደጃፉ ላይ ባለችው አጭር ቁልቁለት ሁለቱን ፍሬኖች በአንድ በአንድ ጣት እየያዘ አምስት ስድስት ጊዜ ወርዶ እስኪያሳየን ድረስ ቆመን አየነው።